ወደ ቴፕ ባክአፕ ሲወሰድ የሚወድቅ ሰርቨርን ደረጃ በደረጃ መመርመርና ማስተካከል

ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሲሠራ የዋለ ሰርቨር ሌሊት ወደ ቴፕ መገልበጥ ሲጀምር ብቻ የሚወድቅ ከሆነ፣ አብዛኞቻችን ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ቴፑ ነው። ነገር ግን የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሰዓት ሰርቨሩ በሌላ ጊዜ ተራ በተራ የሚነካቸውን ነገሮች ሁሉ በአንድ ላይ የሚነካበት ሰዓት ነው፤ ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፣ ራሙ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ፕሮሰሰሩ ያለ ፋታ ይሠራል፣ ኮንትሮለሩ (ዲስክንና ቴፕን የሚያዘው ካርድ) እና ኬብሉ ለሰዓታት መረጃ ያስተላልፋሉ፣ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ይህን ሁሉ ይሸከማል። ከእነዚህ አንዱ ተደብቆ የቆየ ጉድለት ካለበት የሚገለጠው በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ቴፑንም ሆነ ድራይቩን ለመለወጥ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት፣ መረጃው ከዲስክ ተነሥቶ ቴፕ ላይ እስኪያርፍ የሚያልፍበትን መንገድ በየክፍሉ ለያይቶ መፈተን ይገባል።

እኔ የምሠራው ጎንደር ውስጥ፣ የብራና መጻሕፍት ዲጂታል ምስሎችና የጽሕፈት ቤት ሰነዶች በአንድነት በሚቀመጡበት ሰርቨር ላይ ነው። ከሰርቨሩ ጋር የተያያዘው ድራይቭ 6ኛ ትውልድ ኤልቲኦ (የባክአፕ ቴፕ ዓይነት) ሲሆን፣ ከዚህ በታች የጻፍሁት ግን ለሌሎቹም ትውልዶች ይሠራል። ግራ እንዳያጋባ አስቀድሜ ላስታውስ፤ ‹ድራይቭ› ስል ካርትሪጁ (ቴፑ የተጠቀለለበት ካሴት) የሚገባበትን መሣሪያ፣ ‹ድራይቨር› ስል ደግሞ ስርዓተ ክወናው ያንን መሣሪያ የሚያዝበትን ሶፍትዌር ማለቴ ነው።

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት

ምርመራው ራሱ መረጃ ሊያጠፋ ይችላል። በመጀመሪያ የመጨረሻውን ሙሉና የተረጋገጠ ባክአፕ የያዘውን ካርትሪጅ ያውጡ፤ ከካርትሪጁ ጠርዝ ያለችውን የመጻፊያ መከልከያ ወደ ተዘጋ ቦታ ያንሸራትቱ፤ ከዚያም ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ከሰርቨሩ ክፍል ውጭ ያስቀምጡት። ያለ ባክአፕ የሚያልፉት ሌሊቶች ስንት እንደሚሆኑ ስለማይታወቅ፣ ሊተኩ የማይችሉትን ፋይሎች በውጫዊ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ለሙከራ የሚሆን አንድ ካርትሪጅ ለይተው ‹ለሙከራ ብቻ› ብለው ይጻፉበት፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የመጻፍ ሙከራዎች በቴፑ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋሉና።

ሰርቨሩ ሲወድቅ ድራይቩ ውስጥ የነበረውን ካርትሪጅ በተመለከተ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤልቲኦ ካርትሪጅ ውስጥ አንዲት ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ አለች፤ መረጃው በቴፑ ላይ የት የት እንዳለ የሚገልጸው ማውጫ በዚያች ቺፕ ላይ የሚታደሰው ካርትሪጁ በሥርዓት ሲወጣ ነው። ድራይቩ ኃይል አጥቶ ከነበረ ማውጫው ያረጀ ሊሆን ስለሚችል፣ ካርትሪጁ በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባ ድራይቩ ረጅም ጊዜ ቢወስድ ወይም የመረጃውን መጨረሻ ማግኘት ቢያቅተው አይደንግጡ፤ ደጋግመው አያስገቡት አያስወጡትም። በዚያ ካርትሪጅ ላይ ቀጥሎ መጻፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ያለው እስኪነበብና እስኪረጋገጥ ለብቻው ይቀመጥ።

ደረጃ 1፦ ሰርቨሩ ወደቀ ወይስ መብራት ጠፋ?

በእኛ ከተማ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። ጠዋት ቢሮ ገብተን ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተነሥቶ ስናገኘው፣ ስርዓተ ክወናው ራሱ ወድቆ ይሁን ወይም ኃይል ተቋርጦበት በዓይን አይለይም፤ መፍትሔያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ኢቨንት ቪውርን ይክፈቱና በሲስተም መዝገብ ውስጥ ‹ከርነል ፓወር› የሚል ምንጭ ያለውን ቁጥር 41 ይፈልጉ። ይህ ቁጥር ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ መነሣቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ዋናው ነገር በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ‹በግ ቼክ ኮድ› የተባለው መስመር ነው። እዚያ 0 ከተጻፈ ኃይል ተቋርጧል፣ ወይም ማሽኑ ምንም ለመጻፍ ዕድል ሳያገኝ ደርቆ ቀርቷል፤ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ ግን ስርዓተ ክወናው ራሱን አስቁሟል። በሊኑክስ ላይ የጆርናልሲቲኤልን ትእዛዝ ‹ቢ› በሚለው ምርጫና በሲቀነስ 1 በመጠቀም ያለፈውን ሥራ ዘመን መዝገብ ያንብቡ፤ መዝገቡ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በመሐል ተቆርጦ ከቀረ ኃይልን ወይም ሙሉ መድረቅን ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ይህንን ከጥበቃ ሠራተኞች ደብተር ጋር ያመሳክሩ። መብራት የጠፋበትንና ጄኔሬተር የተነሣበትን ሰዓት የሚመዘግቡልን እነርሱ ናቸው፤ ምስክርነታቸው ከማንኛውም ሶፍትዌር ያላነሰ ዋጋ አለው። ነገር ግን ሁለቱ መዛግብት በአንድ ሰዓት አይናገሩም። ደብተሩ ላይ ‹ሐምሌ 14 ቀን 2016 ከሌሊቱ 8፡10 መብራት ጠፋ› ተብሎ ቢጻፍ፣ ሰርቨሩ ያንን ቅጽበት የሚመዘግበው በፈረንጆቹ ጁላይ 22 ቀን 2024 በ02፡10 ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ሁላችንም እናስታውሳለን፤ የሚያሳስተን ቀኑ ነው። ሐምሌ 14 ከጁላይ 21 ጋር ይገጥማል፣ ጥበቃው ደግሞ እስኪነጋ ድረስ በዚያው ቀን ስም ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ወደ 22 ያሻግራል። በዚህ ምክንያት የመብራት መጥፋቱና የሰርቨሩ መውደቅ በሁለት የተለያዩ ቀናት የተፈጸሙ መስለው ይታያሉ፤ እኔም አንድ ጊዜ ከመብራት ጋር ግንኙነት የለውም ብዬ በስሕተት ደምድሜ ነበር። ከማመሳከርዎ በፊት የሰርቨሩ ሰዓት ራሱ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ።

‹ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አለን› የሚለው መልስ ብቻውን አያሳርፍም። 6ኛ ትውልድ ኤልቲኦ ካርትሪጅ ሳይጨመቅ 2.5 ቴራ ባይት ይይዛል፤ በሙሉ ፍጥነቱ፣ ማለትም በሴኮንድ 160 ሜጋ ባይት ቢጻፍ እንኳ ለመሙላት ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያረጀ ባትሪ ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ሩብ ሰዓት ሊያቆየው፣ በባክአፕ ሰዓት ግን ደቂቃ ሳይሞላ ሊከዳው ይችላል። ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ፤ የጄኔሬተሩ ኃይል ድግግሞሽ የሚዋዥቅ ከሆነ ዩፒኤሱ ያንን ኃይል አልቀበልም ብሎ በባትሪው ላይ ይቆያል። እንዲህ ሲሆን ጄኔሬተሩ እየሠራ፣ መብራቱም በርቶ ሳለ፣ ባትሪው አልቆ ሰርቨሩ ይጠፋል። ስለዚህ ዩፒኤሱን ባክአፕ በሌለበት ሰዓት፣ ሰርቨሩን በሥርዓት ዘግተው፣ ተመጣጣኝ ሌላ ጭነት አገናኝተው በጄኔሬተሩ ኃይል ይፈትኑት፤ በባትሪ ላይ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ካልጠፋ ችግሩን አግኝተዋል ማለት ነው።

ውጫዊ ድራይቭ የሚጠቀሙ ከሆነ ድራይቩና ሰርቨሩ ከአንድ ዩፒኤስ እንዲመገቡ ያድርጉ። ሰርቨሩ ከዩፒኤስ፣ ድራይቩ ግን በማከፋፈያ ከግድግዳ ሶኬት የሚመገቡ ከሆነ፣ መብራት ለቅጽበት ብልጭ ባለ ቁጥር ድራይቩ ብቻ ይጠፋና ሰርቨሩ ከመሐል የተሰወረበትን መሣሪያ ሲፈልግ ይደርቃል። የሶኬቱ የመሬት መስመር መኖሩን ደግሞ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስለኩ።

ደረጃ 2፦ ማሽኑ ሲወድቅ ምክንያቱን ጽፎ እንዲወድቅ ማድረግ

ኃይል እንዳልተቋረጠ ካረጋገጡ፣ ቀጣዩ ሥራ ለሚቀጥለው ውድቀት መዘጋጀት ነው። በዊንዶውስ የሲስተም ቅንብሮች ውስጥ ‹ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ› በሚለው ሥር፣ ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ የሚያዘውን ምርጫ ያጥፉ፤ ያን ጊዜ ሰማያዊው ስክሪን ጠዋት መጥተው እስኪያዩት ድረስ ይቆያል። በዚያው ገጽ የከርነል ሜሞሪ ደምፕ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት (ከርነል) ሲወድቅ በራም ላይ የነበረው ይዘት፣ እንዲጻፍ ይምረጡ፤ ይህ እንዲሆን ስርዓተ ክወናው ባለበት ክፍል ላይ በቂ የፔጅ ፋይልና ባዶ ቦታ መኖር አለበት። በሊኑክስ ላይ ደግሞ የጆርናሉ መዝገብ ማሽኑ ሲነሣ የማይጠፋ እንዲሆን ‹ቫር ሎግ› በተባለው ማውጫ ሥር ‹ጆርናል› የሚል ማውጫ መኖሩን ይመልከቱ፤ ይህንኑ የራም ይዘት የሚያስቀምጠውን ኬደምፕንም ጭነው ያስጀምሩ።

አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ አጥብቄ አነሣለሁ። የወደቀው ነገር የዲስክ ኮንትሮለሩ ራሱ ከሆነ ስርዓተ ክወናው ምክንያቱን የሚጽፍበት ዲስክ የለውም፤ መዝገቡ ባዶ የሚሆነው ስሕተት ስላልነበረ ሳይሆን መጻፊያ ስለጠፋ ነው። ስለዚህ የሰርቨሩ መዝገብ በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር እንዲላክ ያድርጉ፤ ለዚህ አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል። ሊኑክስ ‹ኔትኮንሶል› በተባለው ሞጁል የከርነሉን የመጨረሻ ቃላት በኔትወርክ መላክ ይችላል። ይህም ካልተቻለ የመቆጣጠሪያ ስክሪኑን አብርቶ ትቶ መሄድና ጠዋት በስልክ ፎቶ ማንሣት ብዙ ጊዜ ይጠቅማል።

ደረጃ 3፦ ምልክቱን ማንበብ

በቁጥር 41 ዝርዝር ውስጥ ኮዱ በአሥር ቤት ቁጥር ይጻፋል። 209 ከሆነ አንድ ድራይቨር ሊነካው የማይገባውን የራም ቦታ ነክቷል ማለት ነው፤ የኮንትሮለሩን፣ የቴፑን ወይም የጸረ ቫይረሱን ድራይቨር ይመርምሩ። 292 የሃርድዌር ስሕተት ነው፤ ፕሮሰሰርን፣ ራምን፣ ሙቀትን፣ ፓወር ሰፕላይን ያስባል። 307 አንድ ድራይቨር ከሚገባው በላይ ሥራ ይዞ መቆየቱን ሲያመለክት፣ 122 ደግሞ ስርዓተ ክወናው ከዲስኩ ሊያነበው የፈለገውን የራሱን ክፍል ማንበብ እንዳልቻለ ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር በቴፕ ባክአፕ ወቅት ከመጣ ወደ ደረጃ 5 በቀጥታ ይሂዱ። ከውድቀቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ቁጥር 129 ወይም ቁጥር 11 ተደጋግሞ ከታየ፣ የመጀመሪያው ለመሣሪያው የዳግም ማስጀመሪያ ትእዛዝ መላኩን፣ ሁለተኛው የኮንትሮለር ስሕተት መኖሩን ያሳያል።

በሊኑክስ መዝገብ ውስጥ ደግሞ አንድ ሥራ ከ120 ሴኮንድ በላይ ታግዶ ቆየ የሚለው መልእክት ዲስክ ወይም ቴፕ መልስ መስጠት ማቆሙን ያመለክታል፤ ‹አውት ኦፍ ሜሞሪ› የሚለው ራም ማለቁን፣ ‹ማሽን ቼክ› የሚለው የሃርድዌር ስሕተትን ይነግራል። የኮንትሮለሩ ድራይቨር ስም፣ ለምሳሌ ‹ኤምፒቲ3ሳስ›፣ ‹ሪሴት› ከሚለው ቃል ጋር ተያይዞ ቢደጋገም ጥርጣሬዎ ወደ ካርዱና ወደ ኬብሉ ያዘንብል።

ድራይቩ ራሱም ይናገራል። ቴፕ አለርት የተባሉትን ምልክቶች በአምራቹ መመርመሪያ ወይም በሊኑክስ ‹ቴፕኢንፎ› ያንብቡ፤ ቁጥር 20 አሁኑኑ ይጽዳ፣ ቁጥር 4 ካርትሪጁ ችግር አለበት፣ ቁጥር 30 የድራይቩ ሃርድዌር ችግር አለበት ማለት ነው። ማጽጃ ካርትሪጁ እንደ አምራቹ ከ15 እስከ 50 ጊዜ ብቻ ስለሚያገለግል፣ ድራይቩ ሲጠይቅ እንጂ በየሳምንቱ በልማድ አይጠቀሙበት።

ደረጃ 4፦ መንገዱን በሦስት ሙከራ መቁረጥ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ምልክቱ ግልጽ ቢመስልም እንኳ እነዚህን ሙከራዎች እንዳይዘሉ እለምናለሁ፤ መዝገብ የሚናገረው የመጨረሻውን ተጎጂ ነው፣ መነሻውን አይደለም።

የመጀመሪያው ሙከራ ማንበብ ብቻ ነው። በባክአፕ የሚካተቱትን ፋይሎች በሙሉ አንብበው ወደ የትም አይጻፉ። በሊኑክስ ይህ ፋይሎችን በሚያጠቃልለው ‹ታር› በተባለ ትእዛዝ ይከናወናል፤ ሆኖም ‹ታር› ውጤቱ የተላከለትን ሁሉ ወደሚጥለው ‹ዴቭ ነል› በቀጥታ መላኩን ሲያውቅ የፋይሎቹን ይዘት ሳያነብ ስማቸውን ብቻ ቆጥሮ ያልፋል። ሙከራው በጥቂት ደቂቃ አልቆ ‹ዲስኩ ጤነኛ ነው› የሚያሰኘው ይህ ነው። ስለዚህ የ‹ታር›ን ውጤት መጀመሪያ በፓይፕ ወደ ‹ካት›፣ ከ‹ካት› ደግሞ ወደ ‹ዴቭ ነል› ይምሩት፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ባይት በእርግጥ ይነበባል። በዊንዶውስ ላይ ያንኑ የባክአፕ ሥራ ወደ ውጫዊ ዲስክ እንዲሄድ አድርገው ያስጀምሩት። ሰርቨሩ በዚህ ሙከራ ከወደቀ ቴፑ ከነገሩ ውጭ ነው፤ ዲስኮቹን፣ ራሙን፣ በፋይል ንባብ መሐል የሚገቡትን እንደ ጸረ ቫይረስ ያሉ ሶፍትዌሮች ይመርምሩ።

ሁለተኛው ሙከራ መጻፍ ብቻ ነው። ‹ለሙከራ ብቻ› የተባለውን ካርትሪጅ ያስገቡ። በሊኑክስ በራም ላይ በተዘጋጀ የፋይል ማስቀመጫ ውስጥ 4 ጊጋ ባይት የሚያህል በዘፈቀደ ቁጥሮች የተሞላ ፋይል ይፍጠሩ፤ ከዚያም በ‹ዲዲ› አማካይነት፣ በ256 ኪሎ ባይት ብሎክ፣ ያንን ፋይል ደጋግመው ወደ ቴፑ ይጻፉ፤ ቢያንስ የተለመደው ባክአፕ የሚወድቅበትን ያህል ሰዓት ይቆይ። ከ‹ዴቭ ዜሮ› የሚመጣ ባዶ መረጃ መላክ የሚያሳስት ነው፤ ኤልቲኦ ድራይቭ የሚመጣለትን ራሱ ስለሚጨምቅ ዜሮዎቹን ወደ ኢምንት አሳንሶ ይጽፋል፣ ቴፑም እንደ እውነተኛው ባክአፕ አይሠራም። የመሣሪያው ስም ‹ኤንኤስቲ0› እንጂ ‹ኤስቲ0› አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሁለተኛው ሥራው ባለቀ ቁጥር ቴፑን ወደ መጀመሪያው ስለሚመልሰው ቀጣዩ ጽሑፍ ያለፈውን ይደመስሳል። በዊንዶውስ ላይ የድራይቩ አምራች የመመርመሪያ ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ የአይቢኤም አይቲዲቲ ወይም የኤችፒኢ ላይብረሪ ኤንድ ቴፕ ቱልስ፣ ተመሳሳይ የመጻፍና የማንበብ ሙከራ ያካሂዳል። በዚህ ሙከራ ሰርቨሩ ከወደቀ ካርዱ፣ ኬብሉ፣ ድራይቩ ወይም ድራይቨሩ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስኬድ ነው፤ በአንዱ መስኮት ማንበቡን፣ በሌላው መጻፉን ያስጀምሩ፤ ሁለቱ ግን አይገናኙ። ለየብቻ ሲሆኑ ደኅና ሄደው አንድ ላይ ሲሆኑ ሰርቨሩ ከወደቀ፣ ችግሩ ሁለቱ በሚጋሩት ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ፓወር ሰፕላይ፣ ሙቀት፣ ራም ወይም አንድ የጋራ ኮንትሮለር ነው። ሦስቱንም አልፎ በእውነተኛው ባክአፕ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ የባክአፑን ሶፍትዌርና የሚጠቀምበትን የፋይል ቅጽበታዊ ቅጂ አሠራር ይመርምሩ።

ራምን የተጠራጠሩ እንደሆነ ሰርቨሩን ከሜምቴስት86 ፕላስ አስነሥተው ሌሊቱን ሙሉ ያስፈትኑት። አንድ የተበላሸ የራም ክፍል በተራ ቀን ላይነካ ይችላል፤ ባክአፕ ግን ያነበባቸውን ፋይሎች በማከማቸት ራሙን እስከ ጫፍ ስለሚሞላው ብልሽቱ ያለበት ቦታ ላይ መድረሱ አይቀርም።

እነዚህን ሙከራዎች ሰው ባለበት ሰዓት ያካሂዱ። እንደ ጥምቀት ባሉ በዓላት ቢሮው ለቀናት ሲዘጋ ‹እስከዚያ ይሠራ› ብሎ አስጀምሮ መሄድ፣ መቼና እንዴት እንደወደቀ የሚመሰክር ሰው ማጣት ነው።

ደረጃ 5፦ ካርዱና ኬብሉ

በአንድ ወቅት በምሠራበት ቦታ የነበረው ሰርቨር ባክአፕ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆነው በኮድ 122 ይወድቅ ነበር። ሁለት ካርትሪጅ ቀየርን፣ ስርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ ጫንን፣ ሦስት ሳምንት ያለ ባክአፕ አለፈ፤ ያ ጊዜ አሁንም ያሳዝነኛል፣ በዚያ መሐል አንድ ዲስክ ቢበላሽ የብራና ምስሎቹን የሚተካ ሌላ ቅጂ አልነበረንምና። በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት የቴፕ ድራይቩና ስርዓተ ክወናው ያለበት ዲስክ በአንድ ሬይድ ኮንትሮለር (በርካታ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያስተዳድር ካርድ) ላይ መያያዛቸው ነበር። ድራይቩ ለአፍታ መልስ ሲያዘገይ ኮንትሮለሩ ዳግም እንዲጀምር ይታዘዛል፤ ኮንትሮለሩ ዳግም ሲጀምር ዲስኮቹም ይሰወራሉ፤ ስርዓተ ክወናው የቆመበት መሬት ተነሥቶበት ይወድቃል።

ስለዚህ የቴፕ ድራይቭ ለብቻው በራሱ የሳስ (ዲስክንና ቴፕን ከሰርቨር ጋር የሚያገናኝ መስመር) ካርድ ላይ ይያያዝ። ይህ ካርድ ኤችቢኤ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት መሆን አለበት፤ አብዛኞቹ ሬይድ ካርዶች ቴፕ ድራይቭን በአምራቾቻቸው ዘንድ አይደግፉም፣ ለጊዜው የሠሩ ቢመስሉም በጭነት ጊዜ ይከዳሉ። ካርዱን ከማዘርቦርዱ ነቅለው መልሰው አጥብቀው ይሰኩት። ኬብሉ በካቢኔው በር ተጨፍልቆ ወይም በጠባቡ ታጥፎ እንዳይሆን ይመልከቱ፤ የሚዋስ ሌላ ኬብል ካገኙ ከሁሉ አስቀድመው እርሱን ለውጠው ሁለተኛውን ሙከራ ይድገሙ፤ ከሁሉ የሚረክሰው ክፍል እርሱ ነውና።

ደረጃ 6፦ ሶፍትዌሩ

ከ2008 እትም ጀምሮ ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር የሚመጣው ባክአፕ ወደ ቴፕ አይጽፍም፤ ስለዚህ ሁላችንም የሌላ አምራች ሶፍትዌር እንጠቀማለን። አንዱን ሶፍትዌር አጥፍተው ሌላውን ጭነው ከሆነ የቀድሞው የቴፕ ድራይቨር ሳይወገድ ቀርቶ ሁለቱ በአንድ ድራይቭ ላይ ሊሻሙ ይችላሉ፤ አንዱን ብቻ ያስቀሩ። ጸረ ቫይረሱ የባክአፑን ሂደት እንዳይፈትሽ ያድርጉ። የሰርቨር መከታተያ ሶፍትዌር በየደቂቃው የድራይቩን ሁኔታ የሚጠይቅ ከሆነ በባክአፕ ሰዓት ይቁም። በዊንዶውስ ላይ ‹ቪኤስኤስአድሚን ሊስት ራይተርስ› የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው ለቅጽበታዊ ቅጂው የሚተባበሩት ራይተሮች ሁሉም ያለ ስሕተት መቀመጣቸውን ይዩ። የካርዱንና የድራይቩን ፈርምዌር (በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠውን ሶፍትዌር) ማደስ ቢያስፈልግ አንዱን አድሰው፣ ፈትነው፣ ከዚያ ሌላውን ያድሱ፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ግን ፈርምዌር ማደስ ድራይቩን ለዘለዓለም ሊያሳጣ ስለሚችል ዩፒኤሱ ሳይፈተን አይሞከርም።

ደረጃ 7፦ ሙቀት፣ ከፍታና አቧራ

ጎንደር ቀዝቃዛ አየር ስላላት ‹ማቀዝቀዣ አያስፈልገንም› ሲባል እሰማለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ የሳሳ በመሆኑ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲሽከረከር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የሰርቨር አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ለ35 ዲግሪ የተሠራ ማሽን በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስለት ያዝዛሉ። ቅነሳው ከባሕር ጠለል ከጀመረ ለእኛ የሚፈቀደው 28 ዲግሪ ይሆናል፤ አንዳንዶቹ ከ900 ሜትር በላይ ስለሚጀምሩ 31 ያደርሱታል። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው ከሥራ ሰዓት በኋላ በሚጠፋበት ቢሮ፣ ለአራት ሰዓት ባክአፕ 28 ዲግሪ ማለፍ አስቸጋሪ አይደለም። በሦስተኛው ሙከራ ጊዜ ቴርሞሜትር ከሰርቨሩ ፊት አስቀምጠው በየግማሽ ሰዓቱ ይመዝግቡ።

መፍትሔው መስኮት መክፈት አይደለም፤ የበጋው አቧራ ፋኑን ደፍኖ ከዚያም አልፎ የድራይቩን ራስ (ቴፑን የሚያነብበትንና የሚጽፍበትን ክፍል) ይጎዳል። ክረምት ደግሞ እርጥበት ያመጣል፤ ከቀዝቃዛ ክፍል የመጣ ካርትሪጅ ወዲያው ወደ ሞቀ ድራይቭ አይግባ።

ደረጃ 8፦ የመረጃው ፍሰት

የብራናዎቹ ምስሎች እያንዳንዳቸው ትልልቅ ስለሆኑ በፍጥነት ይነበባሉ፤ የጽሕፈት ቤቱ ሰነዶች ግን እልፍ ትንንሽ ፋይሎች በመሆናቸው ዲስኩ በሴኮንድ 20 ወይም 30 ሜጋ ባይት ብቻ ያቀብላል። 6ኛ ትውልድ ድራይቭ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በሴኮንድ እስከ 50 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች የሚመጣለት መረጃ ሲያልቅበት ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይጠቀልላል፣ እንደገና ይነሣል። ይህ መመላለስ ብቻውን ስርዓተ ክወናን አይጥልም፤ ነገር ግን ቴፑንና የድራይቩን ራስ ያስረጃል፣ ባክአፑን ከ4 ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ያራዝማል፣ በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ መብራት የመጥፋቱን ዕድል ያሰፋል። ትንንሾቹን ፋይሎች መጀመሪያ በአንድ ትርፍ ዲስክ ላይ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል አጠቃልሎ፣ ከዚያ ያንን ወደ ቴፕ መገልበጥ ይህን ያስቀራል።

ደረጃ 9፦ መዳኑን ማረጋገጥ

አንድ ሌሊት ሳይወድቅ ማደሩ ማረጋገጫ አይሆንም። ሦስት ሙሉ ባክአፖች በተከታታይ ያለ አንድ ዳግም ማስጀመሪያ መልእክት ሲያልፉ፣ ከሦስተኛው ካርትሪጅ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ የተወሰኑ ፋይሎችን ወደ ሌላ ማውጫ ይመልሱና ቼክሰማቸውን (ከይዘታቸው የሚሰላውን መለያ ቁጥር) ከዋናዎቹ ጋር ያመሳክሩ። ከተቻለ ካርትሪጁን በሌላ ድራይቭም ያንብቡት፤ የማንበቢያና የመጻፊያ ራሱ ከመስመር የወጣበት ድራይቭ፣ የጻፈውን እርሱ እያነበበ ሌላው ድራይቭ ላያነበው ይችላል። ይህንን ሲያደርጉ ትውልዱን ይመልከቱ፤ 7ኛ ትውልድ ድራይቭ 6ኛ ትውልድ ካርትሪጅ ያነባል፣ 8ኛው ግን አያነብም።

ከዚያ በኋላ በወደቀበት ሌሊት ተጽፎ ለብቻው የተቀመጠውን ካርትሪጅ አስገብተው የሚነበበውን ያንብቡ፤ ስሕተት ከሰጠ ከአገልግሎት ያውጡት፣ ካልሰጠም ወደ ‹ለሙከራ ብቻ› ያዛውሩት። አዲሱን የተረጋገጠ ካርትሪጅ መጻፊያውን ዘግተው፣ ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጆቹም አቆጣጠር ጽፈው፣ ሰርቨሩ ካለበት ሕንፃ ውጭ ያስቀምጡ። እኛ የእኛን በፕላስቲክ ሣጥኑ ውስጥ አድርገን ከፒያሳ ወደ አዘዞ እንልካለን፤ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ደረቅ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይቀመጣል፣ ሲመለስም አንድ ሙሉ ቀን በሰርቨሩ ክፍል ሳያድር ወደ ድራይቩ አይገባም።